የምድር ትኩሳት በከዚራ

ከድሬ ዳዋ ከተመለስኩ ሦስተኛ ወር ሆነኝ። እስካሁን ያልጻፍኩት ስንፍና ይዞኝ አይደለም። ያልሄዱት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ጉዞዬን ከእኔ አስበልጠው ስለሚያወሩት ተራ አጥቼ ነው። በኮሪደር ሳልፍ «ዘላለማዊው ሞተር መጣ!» ይባላል፤ ሻይ ስጠጣ «ነዳጅ እየሞላ ነው» ይባላል። ይሁን። ድሬን ለማያውቅ፣ የመሄድ ሐሳብም ለሌለው ሰው፣ የሆነውን ሁሉ ከመነሻው ጀምሬ በየቀኑ ከፋፍዬ አስቀምጬዋለሁ።

የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ነው የቀረኝ። ሥራችን «አዲስ የኃይል ምንጭ አገኘን» የሚሉ ሰዎችን ማመልከቻ መመርመር ነው። እኔ የመለኪያ መሣሪያ ጠባቂ ነኝ። መጠበቅ ማለት ማንም እንዳይነካቸው መቆለፍ ማለት ስለሆነ፣ በእኔ ጊዜ አንድም መሣሪያ ተበላሽቶ አያውቅም፤ አንድም ነገር ለክቶ አያውቅም።

የዚህ ጉዞ አመልካች አቶ አየለ የሚባሉ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ያለ ነዳጅ፣ ያለ ፀሐይ፣ ያለ ባትሪ፣ ከመሬት ብቻ ኃይል እየሳበ አምፖል የሚያበራ ማሽን ሠራሁ ባይ ናቸው። አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፈውልናል። የሁሉም መጨረሻ አንድ ነው፦ «ገንዘብ አልጠይቅም፤ መጥታችሁ እዩልኝ።» የእኛም መልስ አንድ ነው፦ «ከተፈጥሮ ሕግ ጋር ስለሚጋጭ ማየት አላስፈለገም።» አሥራ ሁለተኛውን ሲጽፉ ግን ግልባጩን ከበላያችን ላለ ቢሮ አደረጉት። ግልባጭ ደግሞ በእኛ አገር ከተፈጥሮ ሕግ ይበረታል። በሳምንቱ መኪና ተፈቀደ።

ሰኞ

ሦስት ሆነን ተነሣን፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ይልቃል፣ ሾፌሩ ከድር እና እኔ። የሰፈሬ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ጠዋት ጥርስ ያንቀጫቅጭ ስለነበር ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ወጣሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሹራቦቹ በኋላ ይመጣሉ።

አዳማን ሳናልፍ ዶክተሩ ከቦርሳቸው ፎልደር አውጥተው ሰጡኝ። ቃለ ጉባኤ ነው። «ኮሚቴው በቦታው ተገኝቶ ባካሄደው ጥልቅ ምርመራ መሣሪያው እንደማይሠራ አረጋግጧል» ይላል። ተጽፎ አልቋል፣ ተፈርሞበታል፣ የቀረው ቀኑ እና የእኔ ፊርማ ነው።

«ዶክተር፣ ገና አዳማ ነን እኮ» አልኩ።

«ኃይል ከምንም አይፈጠርም የሚለው ሕግ አዋሽን ሲሻገር ይለወጣል?»

«አይለወጥም።»

«እንግዲያው ይፈርሙ፣ አቶ ሙሉጌታ።»

መኪናው ስለሚንጠኝ ስንደርስ ልፈርም ብዬ አመለጥኩ። ዶክተሩ ግን ነገሩን ጠረጠሩ መሰለኝ ደንቡን አብራሩልኝ። ከቅጹ ግርጌ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ «ይሠራል»፣ ሌላው «አይሠራም»። ሁለታችን አንዱ ላይ ከተስማማን ፋይሉ ይዘጋል። አንዳችን በልዩነት ከፈረምን ግን ፋይሉ አይዘጋም፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሙሉ የመሐንዲሶች ቡድን ከነመሣሪያው መላክ ግዴታ ነው።

«ያ ደግሞ በመሥሪያ ቤታችን ደርሶ አያውቅም» አሉ ዶክተሩ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «የሚያደርሰውም ሰው ከዚያ በኋላ በሳይንስ ሰዎች ዘንድ ስም አይኖረውም።»

አዋሽ ላይ ጥብስ በልተን ስንነሣ መኪናው እምቢ አለ። ባትሪ ነው። የኃይል ምንጭ መርማሪ ኮሚቴ ኃይል አጥቶ መንገድ ዳር ቆመ። ሐብሐብ የሚሸጡ ሰዎች ሥራቸውን ትተው መጥተው ገፉን። አንደኛው «ምንድን ነው ሥራችሁ?» ሲል ከድር «ኃይል እንመረምራለን» አለው። ሰውየው ሳቁ ጉልበቱን ስለወሰደው ለሁለተኛው ግፊያ ማረፍ ነበረበት። አልከፈልናቸውም፤ ሊቀበሉን አልፈለጉም፣ ጭራሽ አንድ ሐብሐብ በመስኮት አቀበሉን። እኛ ሰፈር መኪና ሲቆምብህ መጀመሪያ የሚመጣው ጡሩምባ ነው።

ከዚያ ወዲያ ከድር ቁልቁለት ሳያገኝ ሞተር አላጠፋም። ጭሮ ገብተን ያደርንበትም ሆቴል የተመረጠው በምግቡ ሳይሆን በአቀማመጡ ነው።

ማክሰኞ

ከጭሮ እስከ ቁሉቢ ብርዱ የእኛ ሰፈር ዘመድ ስለሆነ ተስማማኝ። ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ ግን በየጠመዝማዛው አንድ አንድ ልብስ እያወለቅሁ ድሬ ዳዋ ስገባ በካናቴራ ቀረሁ። ዶክተሩ ከረባታቸውን አልፈቱም። ላባቸው ከላይ ወርዶ ጫማቸው ውስጥ ሲገባ እያየሁ አዘንኩላቸው፤ ሰውየው ከመርህ ጋር የተሰፉ ናቸው።

አንድ ነገር ማንም አልነገረን ኖሯል። ድሬ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ ቢኖርም ለተጣላ ሰው ነው። ሆቴሉ ደጃፍ ላይ የቆመ የባጃጅ ሾፌር ዶክተሩን ሲያይ «አቦ አንተ ሰውዬ! ፀሐይ ላይ ምን ያስቆምሃል? ጥላ ውስጥ ግባ እንጂ!» አላቸው። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ «መታወቂያህን አምጣ የኔ ወንድም» አለቻቸው፤ የልጅ ልጃቸው ትሆናለች። አዲስ አበባ በረኛው እንኳ «ዶክተር» ሳይላቸው በር አይከፍትም። ዶክተሩ እራት ሳይበሉ ገብተው ተኙ።

እኔ ግን ሩዝ በፍየል ሥጋ በላሁ። አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው ከራሱ ሳህን ሥጋ አንሥቶ ሳህኔ ላይ አስቀመጠና «ብላ፣ ከስተሃል» ብሎኝ ወሬውን ቀጠለ። ሲነጋገሩ ዓረፍተ ነገሩ በሶማሊኛ ይጀመራል፣ በኦሮምኛ ይወፍራል፣ በአማርኛ ይዘጋል። ሳቁ የሁሉም ስለሆነ እኔም ሳቅሁ።

ረቡዕ

ከዚራ ከባቡሩ ዘመን የቀሩ ቪላዎች ያሉበት፣ መንገዱ በትልልቅ ዛፎች ጥላ የተሸፈነ ሰፈር ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ዛፎቹ ተቆርጠው ሕንፃ በቆመ ነበር። አቶ አየለ በረንዳቸው ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ እጃቸው ላይ የማሽን መወልወያ ጨርቅ የያዙ ሰው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ከጓዳ ብቅ ብለው «ምሳ አለ» አሉ፤ ከሰላምታ በፊት።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ አየለ» ስል ሰውየው ተቆጡ።

«ምን አደረግሁህ? አንተ በለኝ። ሰፈሩ ሙሴ አየለ ይለኛል፤ የባቡር ሰው ሁሉ ሙሴ ነው፣ ከፈረንጆቹ የቀረ ነው። በቃ።»

ከዚህ በኋላ «አለ» የምለው ንቄው አይደለም፤ ራሱ አዞኝ ነው።

ማሽኑ ሳሎኑ መሐል ቆሟል። ከተጣሉ ፉርጎዎች የተፈቱ ስድስት ትንንሽ አምፖሎች፣ አንድ የፉርጎ ቬንትሌተር፣ የመዳብ ጥቅል፣ የሚሽከረከር ከባድ ጎማ። ሁለት ወፍራም ሽቦ ይወጣዋል። አንዱ በመስኮት ወጥቶ የግቢው የውሃ ቧንቧ ላይ ታስሯል፣ ሌላው ጓሮ ከተቀበረ የሐዲድ ቁራጭ ጋር ተበይዷል።

«የድሬ ምድር ትኩሳት አለባት» አለ ሙሴ አየለ። «ማሽኑ ትኩሳቷን ነው የሚጠጣው። ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ሁለት አምፖል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሲብስ ስድስቱም። ስድስት ዓመት መዝግቤአለሁ።»

መዝገቡን አሳየኝ። እንደ ባቡር ጣቢያ መዝገብ በመስመር የተሰመረ፣ ሰዓቱ፣ ሙቀቱ፣ የበሩት አምፖሎች ቁጥር። እውነቱን ልናገርና እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ አይቼ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ማሽኑን በአይሱዙ ጭኖ ከከተማ ወጥቶ ገጠር ቢዮ አዋሌ ወስዶት አንድም አምፖል አልበራም። «የቢዮ አዋሌ ምድር ጤነኛ ናት፤ ትኩሳት የላትም» አለኝ፣ ፍጹም ከልቡ።

ዶክተሩ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከበሩ ውጭ ናቸው። ሙሴ አየለ የመብራት መስረቅ ሐሜት እንዳይኖር ከቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ ጣል አደረገው። ፍሪጁ ዝም አለ፣ ጣራው ላይ ያለው ቬንትሌተር ቆመ፣ ሬዲዮው ጠፋ። የማሽኑ አምፖሎች ግን ቦግ እንዳሉ ናቸው።

«ዶክተር፣ ግባና እይ» አለ ሙሴ አየለ።

ዶክተሩ የበረንዳውን ጣራ እያዩ «ቤቱ ጥሩ ተሠርቷል» አሉ።

«ቤቱን አይደለም።»

«ስሙኝ አቶ አየለ። ከገባሁ አየሁ ማለት ነው። ካየሁ ማብራራት ይኖርብኛል። የተፈጥሮ ሕግ ደግሞ የእኔን ማብራሪያ አይጠብቅም።» ይህን ብለው የመጡበትን ባጃጅ ጠሩ።

ሙሴ አየለ ጨርቁን ይዞ ቆሞ ቀረ። ስድስት ዓመት የጠበቀው ሰው በራፉ ድረስ መጥቶ ደፉን ሳይረግጥ ሄደ። በሰው ፊት እንዲህ ሲደረግ ሳይ አፈርኩ፤ የእኔም ፊርማ በዚያ ቅጽ ላይ እንደሚጠበቅ ሳስታውስ የበለጠ አፈርኩ።

«ምሳ ይቀዘቅዛል» አለች ወይዘሮ አስካለ፤ እሷም አንቺ በለኝ ብላኛለች። ሙቀቱ እግሬን ስላሳበጠው ጫማዬን አውልቄ እጄን ልታጠብ ግቢው ቧንቧ ዘንድ ሄድኩ። መክፈቻውን ስይዝ አንድ ነገር ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነድፎ ወደ ኋላ ወረወረኝ። ከአጥሩ ማዶ ሳቅ ፈነዳ።

«ዋሪያ! ያለ ነጠላ ጫማ ውሃ ይቀዳል እንዴ?»

ጎረቤቲቱ ሃዋ ናት። ከአጥሩ ጥግ ሱቅ አላት፤ ሦስት ፍሪጅ ሙሉ ቀዝቃዛ መጠጥ ትሸጣለች፣ ቧንቧውን ሁለቱ ቤቶች በጋራ ይጠቀሙበታል። ጣቷን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ቧንቧው አጠገብ በምስማር ላይ የጋራ ነጠላ ጫማ ተሰቅሏል። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው አለችኝ። እኛ ሰፈር ውሃ ሲመጣ የሚፈለገው ባልዲ ነው፤ እዚህ ባልዲውም ነጠላ ጫማውም።

«ለምን ይነድፋል?» አልኳት።

«የድሬ ሙቀት ነዋ! ሰው ይቆጣል፣ ቧንቧ አይቆጣም? ፍየሌ ባለፈው ቧንቧውን ስትልስ ወድቃ ሞተች። ፌስታል በልታ ነው አሉኝ።»

ይኸን ጊዜ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ግን ወይዘሮ አስካለ ትሪውን አቅርባ ነበር፤ ሆድ ደግሞ ሲሞላ እንጂ ሲራብ አያስብም።

ሐሙስ

ዶክተሩ ሆዴን አመመኝ ብለው ሆቴል ቀሩ። ቀዝቃዛ ክፍል ስለነበራቸው አልፈረድኩባቸውም። እኔ ግን ሌሊቱን የቧንቧው ነገር ሲከነክነኝ አድሮ ስለነበር ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁትን የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ይዤ ብቻዬን ወደ ከዚራ ተመለስኩ። ከሳጥኑ ሳወጣው ባትሪው ሞቷል። ለብዙ ዓመት በጥንቃቄ የጠበቅሁት መሣሪያ ነው። ባትሪ ከሃዋ ሱቅ ገዛሁ፤ ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም ብላ ብዙ ተሟገተችኝ፣ ከተቀበለች በኋላ ደግሞ ሙሸበክ የሚባለውን የድሬ ጣፋጭ ምራቂ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ከሙሴ አየለ ጋር በቧንቧውና በሐዲዱ መካከል ስንለካ ዋልን። የሰውየው ደስታ ልጅ አደረገው። «የመንግሥት መሣሪያ!» እያለ ሚስቱን ጠርቶ ቁጥሩን ያሳያታል። ቁጥሩ ጠዋት ትንሽ ነበር፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሰዉ ምሳውን በልቶ፣ ጫቱን ይዞ ቤት ቤቱ ሲቀመጥና የሰፈሩ ቬንትሌተር ሁሉ መዞር ሲጀምር ወደ ላይ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስቱም አምፖሎች በሩ።

«ትኩሳቷ ወጣ!» አለ ሙሴ አየለ።

ወዲያው የሰፈሩ መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ አዲስ አበባ ሰው ሻማ ይፈልጋል፣ ይማረራል፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይገባል። ድሬ ላይ እንደዚያ የለም። ቬንትሌተሩ በቆመ በደቂቃ ውስጥ ቤቱ ምድጃ ስለሚሆን ሰው ሁሉ ምንጣፉንና ወንበሩን ይዞ ዛፍ ሥር ይወጣል። በሽተኛ እንኳ ከነፍራሹ ይወጣል። ሙሴ አየለም የአምፖሉን ነገር ረስቶ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። «ውጣ አቦ! ትጋገራለህ!»

መንገዱ በአንድ ጊዜ ሳሎን ሆነ። ሃዋ ሳይሞቅ ይጠጣ ብላ ለስላሳውን ለሁሉም አደለች። አንድ ሽማግሌ ምንጣፉን አካፍሎኝ «ከየት መጣህ? ብርድ ካለበት? መሳኪን!» ብሎ አዘነልኝ። ደስ ብሎኝ ሳለ የዛሬውን ልኬት የጻፍኩበት ማስታወሻ ደብተሬ ሳሎኑ ውስጥ መቅረቱ ትዝ አለኝ። ላምጣው ብዬ ስነሣ ሙሴ አየለ «ተወው፣ ማን ይወስደዋል» አለ። እኔ ግን የንብረት ሰው ነኝ፤ ገባሁ።

ሳሎኑ ጨለም ብሏል። ማሽኑ ጭጭ ብሏል። ከስድስቱ አምፖሎች አንዱም አልበራም።

እዚያው በላብ ተጠምቄ ቆምኩ። ነገሩ ሁሉ ተራ በተራ ገባኝ፤ ቧንቧው፣ ነጠላ ጫማው፣ ፍየሏ፣ ቬንትሌተሮቹ። መብራት በአንድ ሽቦ መጥቶ ሥራውን ሠርቶ በሌላ ሽቦ ይመለሳል። የዚህ ሰፈር የመመለሻ ሽቦ አንድ ቦታ ተበጥሷል። ስለዚህ የሰፈሩ ኤሌክትሪክ መመለሻ ሲያጣ በውሃ ቧንቧዎቹና በመሬቱ ውስጥ መንገዱን ይፈልጋል። ሙቀቱ ሲጨምር ሰው ቬንትሌተር ይከፍታል፣ ቬንትሌተር ሲበዛ መሬት የሚገባው ይበዛል። የአንድ ቤት ማጥፊያ ቢጣል የጎረቤቱ አለ። ማሽኑ የሚጠጣው የምድርን ትኩሳት ሳይሆን የሃዋን ፍሪጆች ትርፍ ነው። ዶክተሩ ልክ ነበሩ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ሳያዩ ልክ ነበሩ። ሳያዩ ልክ በመሆናቸውም ቧንቧውን ሳያዩት ሄዱ።

መብራቱ ሲመጣ እኔ አፌን ሳልከፍት አምፖሎቹ ቦግ አሉ። ሙሴ አየለ በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን አየ። የሰውየውን ዓይን እያየሁ መናገር ከበደኝ፤ ግን ነገርኩት።

አልተከራከረኝም። መዝገቡን አንሥቶ ወደ ኋላ ይገልጥ ጀመር። በየገጹ፣ መብራት በጠፋበት ቀን ሁሉ፣ በዚያ ንጹሕ ጽሕፈት አንድ ነገር ተጽፏል፦ «መብራት ጠፋ። ውጭ ወጣን።» «መብራት ጠፋ። ውጭ ወጣን።»

«አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላየሁትም» አለ።

«ማን ይቀመጣል? ይጋገራል እኮ» አልኩት።

ስቆ ሊመልስልኝ ሞከረ፣ ግን መዝገቡን ዘጋው። ወደ ግቢ ወጣና የተሰቀለውን ነጠላ ጫማ ሲያይ ቆየ። «ፍየሏ ፌስታል አልበላችም» አለ። «ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መሬቱ ይርሳል። የሃዋ የልጅ ልጆች እዚህ ነው የሚታጠቡት።»

ከሣጥኑ የሥራ ዘመኑን ቀይ ባንዲራ አምጥቶ ቧንቧው ላይ አሰረው። በዚያ ሰፈር ቀይ ባንዲራ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ባቡር እንኳ ይቆምለታል።

አርብ

ሽቦውን የሚቀጥል ሰው ፍለጋ ወጣን። የሰፈሩ መስመር ድሮ ከአንድ የተዘጋ ፋብሪካ ተስቦ የመጣ መሆኑን ሰማን። የመጀመሪያው ቢሮ «የፋብሪካው ነው» አለን። የፋብሪካውን ንብረት ይዟል የተባለው ሰው «የሰፈሩ ነው» አለን። የፋብሪካው ዘበኛ ደግሞ «እኔ የምጠብቀው በሩን ነው፤ ሽቦው ከበሩ በላይ ነው የሚያልፈው» ብሎ ሻይ ጋበዘን። ሁሉም ጨዋ ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ «በባለሙያ ቡድን የተረጋገጠ ነገር አላችሁ?»

ወደ ሆቴል ሄጄ ለዶክተሩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ።

«አላልኩም? እንግዲያው አይሠራም። ይፈርሙ።»

«የሽቦውን ነገር ቃለ ጉባኤው ላይ እንጨምርና።»

«የተላክነው ስለ ማሽን ነው እንጂ ስለ ቧንቧ አይደለም፣ አቶ ሙሉጌታ። ቅጹ ላይ ያለው ሁለት ሳጥን ነው።»

«ሰው ይሞታል፣ ዶክተር።»

«የሚመለከተው አካል አለ» አሉ። የሚመለከተውን አካል ጠዋቱን ሙሉ ስንፈልግ አርፍደን እንዳላገኘነው ብነግራቸውም ቀጠሮ መያዝ ነበረባችሁ አሉኝ።

ፎልደሩን ይዤ ወደ ከዚራ ተመለስኩ። ሙሴ አየለ ቧንቧው አጠገብ ወንበር አድርጎ ተቀምጦ ሕፃናቱን እያባረረ ነው። ስለ ሁለቱ ሳጥኖች ነገርኩት። «አይሠራም» ካልኩ ፋይሉ ተዘግቶ ማንም አይመጣም። «ይሠራል» ብዬ በልዩነት ከፈረምኩ የመሐንዲሶች ቡድን በአሥራ አምስት ቀን መምጣት ግድ ይሆንበታል፤ ማሽኑን ሐሰት ለማለት ሲሉ ምንጩን መፈለጋቸው አይቀርም፤ ምንጩን ከፈለጉ ሽቦውን ያገኛሉ።

«ሽቦው ከተቀጠለ ማሽኔ ይሞታል» አለ።

«ይሞታል።»

«ከመሞቱ በፊት ግን ያዩታል?»

«አጎንብሰው ያዩታል።»

ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አጥፎ ዘረጋ፣ አጥፎ ዘረጋ። «አንተስ? መሥሪያ ቤትህ ምን ይልሃል?»

ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም መሣሪያ ሳላበላሽ የኖርኩት ሰውዬ፣ ከመሬት መብራት ይፈልቃል ብሎ ያመነ ተብዬ ልወጣ ነው። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ከአጥሩ ማዶ የሃዋ የልጅ ልጅ በባዶ እግሯ ቆማ ባንዲራውን ታያለች።

አምፖል ይበራል አይበራም? ይበራል። «ይሠራል» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁና ፈረምኩ። ከሥሩ «የኃይሉ ምንጭ በቡድን ይመርመር» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜና እሑድ

መመለሻውን በአጭሩ ልጨርሰው፤ የሚወራ ነገር አልነበረውምና። ዶክተሩ ቅጹን አንብበው እስከ አዋሽ አላናገሩኝም። ጭሮ ያደርነው በተለያየ ጠረጴዛ በልተን ነው። እኔ ከወይዘሮ አስካለ በተቋጠረልኝ ስንቅና በሃዋ ሙሸበክ ተጽናናሁ፤ ከድርም ከእኔ ጋር በላ። ዶክተሩ ከሩቅ ሲያዩን ቆይተው ተነሥተው መጡና አንድ ሙሸበክ ወሰዱ። አዋሽ ላይ መኪናው እንደገና እምቢ ሲል ወርደን ገፋን፤ ዶክተሩም ከረባታቸውን ወደ ኋላ ወርውረው ገፉ። ከሐብሐብ ሻጮቹ አንዱ አውቆን «ኃይሉን አገኛችሁት?» ብሎ ጮኸ።

ለጋሲዮን ስገባ ሹራቦቼን መልሼ ለበስኩ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

ቡድኑ በአሥራ አራተኛው ቀን ሄደ። ከዚያ በኋላ ሙሴ አየለ ደወለልኝ። ስድስት መሐንዲሶች ናቸው የመጡት አለ። ሁሉም ገቡ። ሁሉም አጎነበሱ። አንዷማ ወለሉ ላይ ተኝታ ከሥሩ አየችው፤ የሐዲዱን ብየዳ ማን እንደሠራው ጠየቀች፣ እኔ ነኝ ሲላት «እጅህ ይባረክ» አለችው፤ በአንተ። ከዚያ ቴስተር ይዘው ከምሰሶ ምሰሶ ሄደው የተበጠሰውን ሽቦ የፋብሪካው አጥር ጥግ አገኙት። የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ቀጠሉት፤ መጠየቅ ቢጀምሩ እስካሁን እዚያው ነበሩ።

«አዘንክ?» አልኩት።

«የዛሬውን ላንብብልህ» አለኝ። መዝገቡ ሲገለጥ በስልኩ ሰማሁት። ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ጣቢያ ሹም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ዘጠኝ ሰዓት። ሙቀት እንደ ወትሮው። አምፖል ዜሮ። ሃዋ በባዶ እግሯ ውሃ ቀዳች።»